ላባው የረገፈበትን ቦታ እንይ

በጓሮ ዶሮዎች ላይ ስለሚታየው የላባ መርገፍና የመናቆር ጉዳት፣ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሂርና አካባቢ በሚሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ቡናና ስለ ጥራጥሬ ግብይት ሰፋ አድርገው አስረድተዋል። ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት አነስ ያለ ነው፤ የዶሮ ላባ። ሆኖም በየቤታችን የዶሮ ገንዘብ የማን ገንዘብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የጫቱና የቡናው ገንዘብ ወደ አባወራው ኪስ ሲገባ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተርና የክሊኒክ ካርድ የሚገዛው እናት ሸጣ በምታመጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ ዶሮዋ ስትራቆት የእናቲቱ ኪስም አብሮ ይራቆታል።

ከውጭ የመጡ የዶሮ ዝርያዎች ለሐረርጌ እንግዳ አይደሉም። በ1940ዎቹ ዓ.ም ወደ አገራችን መግባት ሲጀምሩ ከመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎቻቸው አንዷ ጎረቤታችን አለማያ ነበረች። በኅዳር 2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የ45 ቀን ጫጩት ወስዶ የማሳደጉ ሥራ በየቀበሌው ተጠናክሯል። ዶሮው ሲበዛ ግን ቀድሞ ብዙም የማናየው ችግርም አብሮ መጥቷል፤ ጀርባቸው የተራቆተ፣ ጅራታቸው የተነጨ፣ አልፎም እርስ በርሳቸው ተናቁረው የሚገዳደሉ ዶሮዎች።

በመጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልናገር

ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በማገለግልበት ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት በብድር 25 ቄቦች ወሰዱ። ጊዜው ጥር ነበር። ጫጩቶቹ አንድም ሳይሞት አደጉ። ሚያዝያ ላይ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ እናት ደስ ብሏቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንቁላሎች በሰፌድ አድርገው አሳዩኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ "ልጄ፣ ዶሮዎቼ ላባቸው እየረገፈ ነው" ብለው አስጠሩኝ። ሄድኩ። አንዷን ይዤ ክንፏን ገለጥ ሳደርግ ጥቂት ቅማል አየሁ። ሌላ ምንም ሳልጠይቅ "ይህ ተባይ ነው፤ የተባይ ዱቄት ያስፈልጋል" ብዬ አዘዝኩና ተመለስኩ። ቤቱ ውስጥ አልገባሁም፤ ሌሎቹንም ዶሮዎች አንሥቼ አላየሁም።

ዱቄቱ ተነሰነሰ፤ ላባው ግን መርገፉን አላቆመም። በሳምንቱ ሦስት ዶሮዎች በእንቁላል መውጫቸው በኩል አንጀታቸው ተጎትቶ ሞተው ተገኙ። እናት ተጨነቁ። ዲኤው ተባይ ነው ብሎ የለ? የእሱ መድኃኒት ካልሠራ ጠንከር ያለ ይሻላል ብለው ከጎረቤት ለጫት የሚረጨውን ፀረ ተባይ አምጥተው ረጩባቸው። በማግሥቱ ስድስት ዶሮዎች ለሃጫቸውን እያዝረበረቡና እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። ከ25ቱ ዘጠኙ በዚህ ዓይነት አለቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኝህ እናት ደረሰ። መንገዱን ያሳየኋቸው ግን እኔ ነበርኩ።

ነገሩን ለአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ላባው የረገፈው የት ላይ ነው?" እኔ አላየሁም ነበር። ዛሬ ለእናንተ ይዤ የመጣሁትም ይህንኑ ጥያቄ ነው። መድኃኒት ከመግዛታችን በፊት ላባው የረገፈበትን ቦታ እንይ።

ቦታው ምን ይነግረናል?

አንደኛ፣ ላባው ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ፣ በመጨረሻም ወደ ክንፍና ወደ ጅራት እየወረደ ከረገፈ፣ ከሥሩም እንደ እሾህ የሾለ አዲስ ላባ ብቅ ካለ፣ ዶሮዋ ላባ እየቀየረች ነው። አንድ ዓመት ያህል እንቁላል የጣለች ዶሮ ይህን ታደርጋለች። በዚህ ጊዜ እንቁላል ታቆማለች ወይም ትቀንሳለች። ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድባታል። ይህ በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት አይፈልግም። የሚያስፈልጋት ጥሩ መኖ ነው። "እንቁላል አቆመች" ተብላ በዚህ ሰዓት በርካሽ የምትሸጥ ዶሮ ለገዢዋ ሲሳይ ናት።

ሁለተኛ፣ የጀርባዋ መሐልና የራሷ ኋላ ብቻ ከተራቆተ አውራው ሲወጣባት በጥፍሩና በምንቃሩ የነጨው ነው። ለ10 ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ ይበቃል። ለአምስት ሴት ሁለት አውራ ከያዝን ትርፉን ለበዓል ማረድ ወይም መሸጥ ነው። ለመብል የሚሆን እንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ሰውማ አውራ ጭራሽ አያስፈልገውም። ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች።

ሦስተኛ፣ ደረቷና ሆዷ ብቻ ከተራቆተና እሷም ጎጆዋን አልለቅም ካለች ልትታቀፍ የፈለገች ዶሮ ናት። የሰውነቷ ሙቀት ለእንቁላሉ እንዲደርስ ላባዋን ራሷ ትነጫለች።

አራተኛ፣ በእንቁላል መውጫዋ ዙሪያና በክንፎቿ ሥር ቆዳው ቀልቶ፣ በላባው ሥር ነጫጭ የቅማል እንቁላል ተጣብቆ ከታየ ተባይ ነው። ዓይኗንና ኩክኒዋን ዙሪያ ጥቁር ነገር ከተጣበቀባት ቁንጫ ነው። ቀን ምንም ሳይታይ ሌሊት ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ የማያርፉ፣ የሚቅበጠበጡ ከሆነ ደግሞ ደም መጣጩ ቅንቅን ቀን ቀን በቆጡና በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሌሊት በባትሪ አብርቶ የቆጡን ሥር ማየት ነው።

አምስተኛ፣ ላባው የጠፋው ከጅራቷ ሥር፣ ከወገቧና ከእንቁላል መውጫዋ ከሆነ፣ ጫፉ የተቆረጠ ላባ ወይም የደም ነጠብጣብ ከታየ፣ ይህ ጓደኞቿ የነቆሯት ነው። የእኝህ እናት ዶሮዎች ሁሉ የተራቆቱት ከጅራታቸው ሥር ነበር። ቅማሉ ነበረ፤ ጥፋተኛው ግን እሱ አልነበረም።

በዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ከአገራችን ዶሮዎች መካከል አንገተ መላጣ የሚባሉት ላባ የሌላቸው በተፈጥሯቸው ነው። ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ስለሆነና ሙቀትንም ለመቋቋም ስለሚረዳቸው በቅማል አንጠርጥራቸው።

ዶሮ ለምን ትናቆራለች?

ዶሮዎች ማዕረግ አላቸው። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ከቆጡ ላይኛው እንደሚያርፍ በምንቃር ይለያሉ። ይህን እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጽፎ ለዓለም ያሳወቀው ሽየልደሩፕ ኤባ የተባለ ኖርዌያዊ ነው። ለእናቶቻችን ግን አዲስ ነገር አይደለም። የማዕረግ መናቆር ራስ ላይ ያነጣጠረ ነው፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ይበርዳል። እኛን የሚያስፈራን ሌላው፣ ከኋላ መጥቶ ላባ የሚነጨው ነው። የዚህ መነሻው ጠብ አይደለም። ዶሮ በተፈጥሮዋ ቀኑን ሙሉ ስትጭርና ስትለቅም ትውላለች። የምትጭረው መሬት ሲጠፋ፣ የምትለቅመውም ሲያንሳት ምንቃሯ የጓደኛዋ ላባ ላይ ያርፋል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንደሚባለው፣ ሐሳቧ ሁልጊዜ ከሚለቀም ነገር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ደም ከወጣ ደግሞ ቀዩ ቀለም ሁሉንም ይጠራቸዋል።

ወደ እናት ቤት ተመልሼ ስገባ ያየሁት ይህንኑ ነበር። ሚያዝያ የማሽላ ዘር የሚዘራበት ወር ስለሆነ፣ ዘር ይጭራሉ ብለው ጎረቤቶች በመክሰሳቸው ዶሮዎቹ ከተዘጋባቸው ሦስት ሳምንት አልፏል። ቤቱ ስፋቱ ሦስት ካሬ ሜትር አይሞላም። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። በግድግዳው ክፍተት የሚገባው ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፈው እንቁላል በሚጥሉበት ጥግ ላይ ነው። መመገቢያው አንድ ሳህን፣ ምግቡም በቆሎ ብቻ ነው። ደጅ ሳሉ ትልና ፌንጣ፣ ቅጠልና ፍሬ ራሳቸው ፈልገው ያገኙ ነበር። ሲዘጋባቸው ያንን የሚተካ አላገኙም።

ላባ ሊባል የሚችለው በጠቅላላው ፕሮቲን ነው። በቆሎ ደግሞ ከመቶ እጁ ዘጠኝ ያህሉ ብቻ ነው ፕሮቲን። እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚያስፈልጋት 16 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ላይ ጨው ካነሳት የጓደኛዋን ላባና ደም መፈለግ ትጀምራለች። ቄብ እንቁላል መጣል ስትጀምር የእንቁላል መውጫዋ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ጎጆው ብርሃን ከሆነ ሌሎቹ ያንን ቀይ ነገር አይተው ይነቁሩታል። አንጀት ተጎትቶ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳት ከደረሰ በዚያው ዕለት የሚደረግ

የተነቆረችውን ዶሮ ያኔውኑ መለየት ነው፤ ለነገ አይባልም። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ትንሽ ጨው በገባበት ውኃ ማጠብ። ከእንስሳት ጤና ክሊኒክ በባለሙያ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰማያዊ የቁስል ርጭት ቁስሉን ከማከሙም በላይ ቀዩን ቀለም ይሸፍናል። እንቁላሉን ስንት ቀን አለመብላትና አለመሸጥ እንደሚገባ በዚያው መጠየቅ አይረሳ። ዝንብ እንዳያርፍበትና ትል እንዳያፈራ ቁስሉን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

ስትድን ብቻዋን በቀትር መሐላቸው ብንጥላት እንደ እንግዳ ቆጥረው እንደገና ይነቁሯታል። ለጥቂት ቀን በወንፊት ሽቦ ተጋርዳ እየተያዩ ይቆዩ። ከዚያ ማታ ሲጨልም ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከመንጋው መካከል ነቋሪዋ አንዷ ብቻ ከሆነች ደግሞ የምትለየው እሷ ናት። ለሳምንት ያህል ተለይታ ስትመለስ ማዕረጓ ስለሚወርድ ብዙ ጊዜ ትበርዳለች።

ከሥሩ የተነቀለ ላባ በጥቂት ሳምንታት መብቀል ይጀምራል። ግማሹ ተቆርጦ የቀረው ግን የሚተካው ዶሮዋ በተራዋ ላባ ስትቀይር ነው። ስለዚህ ቶሎ አልበቀለም ብለን ተስፋ አንቁረጥ። ምንቃሯን በምላጭ መቁረጥም መፍትሔ አይደለም። ምንቃር ሕመም የሚሰማውና የሚደማ አካል ነው። ጭራ ለምትበላ የጓሮ ዶሮ ደግሞ እጇ ነው።

እንዳይደርስ የሚደረግ

ቤቱን በሚመለከት፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ከአራት እስከ አምስት ዶሮ እንጂ ከዚያ በላይ አናጉር። በቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በመመገቢያው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይድረሳት። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ የመጣያ ሳጥን ይበቃል፤ በጨለማው ጥግ ሆኖ ፊቱ በጆንያ ይጋረድ። ነፋስ በላይኛው በኩል በወንፊት ሽቦ ይግባ። ቆርቆሮው ላይ የማሽላ አገዳ ወይም ሣር ቢደረብ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ በተለይ ወደ ሚኤሶ አቅጣጫ ቆላ ላይ ላላችሁ ይህ የግድ ነው። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን አንቀላቅል።

ሥራ ፈት እንዳይሆኑ ወለሉ ላይ ገለባ አጎዝጉዘን ጥቂት ጥሬ እንበትንበት፤ ሲጭሩ ይውላሉ። ጎመን ወይም የስኳር ድንች ቅጠል በገመድ አሥረን በአንገታቸው ልክ እናንጠልጥል። አሮጌ ገንዳ ላይ የተነፋ አመድና ደቃቅ አፈር ቀላቅለን ብናስቀምጥ ራሳቸውን ይታጠቡበታል፤ ቅማሉንም ይቀንስላቸዋል። ለቅንቅን ቆጡን አውጥቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ ስንጥቁን መድፈንና ግድግዳውን ኖራ መቀባት ጥሩ ነው።

መኖን በሚመለከት፣ የተዘጋባት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች። ይህም ለ20 ዶሮ በወር 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በቤት ለመቀላቀል ለሚፈልግ ከአንድ ኩንታል ውስጥ 48 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 12 ኪሎ ፉርሽካ፣ 22 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 10 ኪሎ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር፣ 7 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ጨውና ግማሽ ኪሎ የቪታሚንና የማዕድን ቅልቅል ቢያደርግ ከሚፈለገው የፕሮቲን መጠን ይደርሳል። ጨውን ከዚህ ማብዛት ይገድላል። የሻገተ ፋጉሎ፣ በተለይ የለውዝ ፋጉሎ፣ መርዝ ስለሚይዝ ወደ ቤታችን አይግባ። ውኃ ከመኖው እጥፍ ያህል ይጠጣሉና ከፊታቸው አይጥፋ።

ለጫት የሚረጭ መድኃኒት ለዶሮ አይሆንም

ይህን ለብቻው የምናገረው በየቤታችን ስለሚገኝ ነው። ለጫትም ሆነ ለሌላ ሰብል የተሠራ ፀረ ተባይ በቆዳዋና በመተንፈሻዋ ገብቶ ዶሮዋን ይመርዛታል። ብትተርፍም መርዙ በእንቁላሉ ውስጥ አልፎ ለልጆቻችን ይደርሳል። ተባይ መሆኑ ከተረጋገጠ ለዶሮ የተፈቀደውን መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ነው። ከላባው መርገፍ ጋር ድንገተኛ ሞት፣ አረንጓዴ ቅዘን ወይም የአንገት መጠማዘዝ ከታየ ጉዳዩ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ሳንሸጥና ሳናርድ ቶሎ እናሳውቅ። ናሙና የሚመረምር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እዚሁ ሂርና አለን። ርቀን አንሄድም።

ለዩኒየናችንና ለአመራሮቻችን

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አንዲት እናት ብቻዋን ፋጉሎና የኖራ ድንጋይ ፍለጋ ጭሮ ድረስ ሄዳ በኪሎ ስትገዛ ትርፏ በመንገድ ያልቃል። ማኅበራት ፍላጎታቸውን ሰብስበው ዩኒየኑ በአንድ ላይ ቢገዛ ዋጋው ይቀንሳል፤ የኅብረት ሥራ ትርጉሙም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ በጥር የተሰጠች የ45 ቀን ጫጩት እንቁላል የምትጀምረው ልክ ማሽላ በሚዘራበትና ዶሮ በሚዘጋበት ወር ነው። ስለዚህ የሥርጭቱ ጊዜ ከእርሻ ጊዜያችን ጋር ይታይ። ካልተቻለም ብድሩ የቤቱንና የሦስት ወሩን መኖ ይጨምር። ሦስተኛ፣ በሪፖርታችን የምንጽፈው ስንት ጫጩት እንደተሠራጨ ነው። በስምንተኛው ወር ስንቶቹ እንቁላል እየጣሉ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመርበት። ያ መስመር በዚያን ዓመት ቢኖር ኖሮ የእኔም ስሕተት ቀድሞ ይታይ ነበር።

እናት የቀሯቸውን 16 ዶሮዎች ይዘው ቤቱን በአገዳና በወንፊት ሽቦ አሰፋን። በቆሎውን በፋጉሎና በጨው አሻሻልን፤ የመጣያውን ጥግ አጨለምን። መናቆሩ በሦስት ሳምንት ውስጥ በረደ። አሥራ ስድስቱም ሳይሞቱ ዓመቱን ጨረሱ። ብድሩ ግን የተወሰደው በ25 ዶሮ ሒሳብ ነበርና የዘጠኙን ዕዳ ከ16ቱ እንቁላል ላይ እየቆጠቡ ነው የከፈሉት። አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። አሁንም ቤታቸው ስሄድ ቡና ከመቅረቡ በፊት አንዷን ዶሮ ይዘው ይመጡና ጅራቷን ገልጠው "ልጄ፣ በመጀመሪያ ይህን እይ" ይሉኛል።

እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ማታ ዶሮዎቻችሁ ቆጥ ላይ ሲወጡ አንድ በአንድ እያነሣችሁ እዩአቸው።